ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ፦ ስትሄዱ ስለ ላጋ ወልዴ ጠይቁ

የምኖረው ሮም ነው። ጥቅምት ላይ እዚያው የተወለደችውን ልጄን ይዤ አገር ቤት ገባሁ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን እንዋል ብለን በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል የደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ ያዝን። ፕሮግራሙ ላይ "ታሪክና ተፈጥሮ" ይላል። ለመሄድ ላሰባችሁ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

ወቀሳውን አስቀድሜ ልጨርስ። 12:30 ላይ እንመጣለን ያሉን ሰዎች የመጡት 1:20 ነው። ዋጋውንም በአማርኛ እያወራኋቸው በዶላር ነገሩኝ። በብር ንገሩኝ ብዬ ስከራከር ደግሞ ቀነሰ። የዳያስፖራ ዋጋ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። መኪናው ግን ንጹሕ ነው፣ ሹፌሩም ረጋ ያለ ሰው። ከመነሳታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ወደዚያ ደውሎ ሲያጣራ ሰማሁት። እናንተም ሳትጠይቁ አትውጡ።

በአዲሱ ገበያ ወጥተን ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አለፍን። ሱሉልታ ላይ ሣር እየታጨደ ነበር፤ መስኮት ከፍተን ሽታውን ስንምግ ሄድን። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዝን በኋላ ሜዳው ድንገት አለቀ። ከሥራችን ገደል ነው፤ ውኃው ሁሉ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ አባይ ይወርዳል።

ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የድንጋይ ድልድይ "የፖርቱጋል ድልድይ" ይሏታል። አስጎብኚያችን ሳቀና ፖርቱጋሎች እንዳልሠሯት፣ ያሠሯት የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ነገረን። ስሙ ግን ተጣብቆ ቀርቷል። ክረምቱ ካለፈ ብዙ ስላልቆየ ፏፏቴው ገና አልሳሳም። ጭላዳዎቹ ደግሞ ሰው መጣ ብለው አይበረግጉም። ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው ሲለቅሙ ጎመን የሚቀነጥሱ ሴቶች ይመስላሉ። ልጄ ከዚያ አልነሳ አለችኝ። መዳብ መስቀል የሚሸጡት ልጆች ግን ትንሽ ያደክማሉ፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ሶፍትም ያዙ፤ መጸዳጃ ቤቱን አልነግራችሁም።

ገዳሙ ውስጥ አስጎብኚው ጥሩ ተናገረ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መመሥረታቸውን፣ የአሁኑን ቤተ ክርስቲያን አፄ ኃይለ ሥላሴ ማሠራታቸውን፣ የመስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ መሆኑን፣ አንድም ሳያስቀር። ከዚያ ወደ መኪናው መራን።

"የ1929ኙስ?" አልኩት።

ቆም አለ። "እትዬ፣ የሚጠይቅ ስለሌለ እኮ ነው" አለኝ።

ከጀመረ በኋላ ግን ማን ያስቆመው! የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ፋሽስቶቹ ገዳሙ እጁ አለበት ብለው ጠረጠሩ። ግንቦት 12 የጻድቁ ፍልሰተ አጽም ስለሆነ ገዳሙ በሰው ይሞላል፤ የጄኔራል ማሌቲ ጦር ሰዉን የከበበው በዚያው በዓል ነው። በማግስቱ መነኮሳቱን በካሚዮን እየጫኑ ፍቼ አቅራቢያ ላጋ ወልዴ የሚባል ወንዝ ዳር አወረዷቸው። በተርታ አስቀምጠው፣ ከላያቸው ሸራ ወጥረው፣ በመትረየስ ፈጇቸው። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም የላከው ሪፖርት 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ይላል። ከቀናት በኋላ ደግሞ እንገጫ ላይ 129 ዲያቆናት ተረሸኑ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን የሟቾቹን ቁጥር ከሺህ በላይ ያደርሱታል።

ላጋ ወልዴን ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። ፕሮግራም ውስጥ የለም ተባለ። ለነዳጅ ጨምሬ ሄድን። ፍቼ ላይ በያይነቱ በላን፤ ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ሽሮው ለብቻው ያስመጣል። ቦታው ስንደርስ የማስበው ሁሉ ጠፋኝ። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ከኋላችን ቆመ። አስጎብኚውም ያን ሁሉ ሲናገር ቆይቶ እዚያ ላይ ዝም አለ። ዝም ማለቱን ወደድኩለት።

ልጄ በጣልያንኛ "ይሄ አፊሌ ሐውልት የተሠራለት ሰውዬ ነው?" አለችኝ። አዎ፣ እሱ ነው። አፊሌ ከሮም ብዙ የማይርቅ ትንሽ ከተማ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ለግራዚያኒ መታሰቢያ አቁመውለታል፣ ያውም በመንግሥት ገንዘብ። ለአስጎብኚው ተረጎምኩለት። አላመነኝም። ልጄ በስልኳ ፎቶውን አሳየችው። ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ የከተማውን ስም በአማርኛ አስጽፎኝ ደብተሩ ውስጥ ከተተው።

ማታ 1 ሰዓት አዲስ አበባ ገባን። ለአስጎብኚውም ለሹፌሩም ጉርሻ ሰጠሁ፤ ይገባቸዋል። በማግስቱ ድርጅቱ "ጉዞው እንዴት ነበር?" የሚል መልእክት ላከልኝ። ላጋ ወልዴን ፕሮግራማችሁ ውስጥ አስገቡት፣ የነዳጁንም ከመጀመሪያው አስቡት ብዬ መለስኩ። መልእክቱ ተነቧል፤ እስካሁን መልስ የለም።