ብረት ወይስ ግራፋይት? የጎልፍ ዱላን ጉዳት መለየት

የብረት ዘንግ ያለው ዱላ ሲያረጅ ብዙም አይደብቅም። ላይ ላዩን ያለ ዝገት ተወልውሎ ይለቃል። ጣት ሲያልፍበት የተቦረቦረ ከሆነ ግን ብረቱ እየተበላ ነው። መጣመሙን ለማወቅ አንድ ዓይን ጨፍኖ ከመያዣው ወደ ታች ማየት ይበቃል። ተንኮሉ ከውስጥ የሚጀምረው ዝገት ነው፤ እርጥብ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ዱላ አይታመንም።

ግራፋይት (በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ቃጫ) ደግሞ አይዝግም፣ ቀላልም ነው። ችግሩ የተላጠ ቀለምና እውነተኛ ስንጥቅ መመሳሰላቸው ነው። እዚህ ላይ ቁራጭ ጥጥ ከዓይን ይሻላል። ዘንጉን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው ይጥረጉበት። ጥጡ ከተያዘና ብናኙ እዚያው ከቀረ፣ የውስጡ ቃጫ ሳይበጠስ አልቀረም። ቀጥሎ ጭንቅላቱንና መያዣውን ይዘው በቀስታ ጠምዘዝ ያድርጉት። ሲጥ ሲጥ ካለ ወይ ጭንቅላቱን ከዘንጉ ያያያዘው ሙጫ ለቋል፣ ወይ ዘንጉ ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለውን ዱላ ለሙከራ እንኳን አይወዝውዙት፤ ሲመቱበት በድንገት ሊሰበር ይችላል።

ያገለገለ ዱላ ለሚገዛ ጀማሪ እኔ ብረቱን እመርጣለሁ፤ ጉድለቱን ለማየት ልምድ አይጠይቅም። የመያዣው ጎማ መድረቅና ኳሱን በሚመታው ፊት ላይ ያሉት ቦዮች መሟለጥ ግን በሁለቱም ላይ ያው ነው።