ስድስት ቀጠሮ በደቡብ ለንደን፦ ከአዋላጅነት ወደ ሂፕኖቴራፒ የመጡ ባለሙያ አገልግሎት

ባለፈው ጥር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከብሪክስተን ተሳፍሬ ወደ ሥራ ስሄድ፣ የቪክቶሪያ መስመር ባቡር ቮክሶልን አልፎ ፒምሊኮ ከመድረሱ በፊት፣ ልክ ከቴምዝ ወንዝ ሥር፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ቆመ። መብራት አልጠፋም፤ የደነገጠ ሰውም አልነበረም፤ አጠገቤ የቆመው ወጣት ስልኩን ይነካካ ነበር። እኔ ግን ልቤ ደረቴን እየደበደበ፣ መዳፌ በላብ እየራሰ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ እዚያው የምሞት መሰለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአራት ወር ያህል ከምድር በታች በሚሄድ ባቡር አልተሳፈርኩም። ዋረን ስትሪት አጠገብ ካለው መሥሪያ ቤቴ ለመድረስ አውቶቡስ እየቀያየርኩ፣ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር እየነጋ፣ ቀን ደግሞ ሆዴ ባር ባር እያለኝ ሰነበትኩ።

በግንቦት ወር በደቡብ ለንደን አንዲት የሂፕኖቴራፒ (ሂፕኖሲስ በተባለ፣ ትኩረትን በሚሰበስብ ሰመመን የሚሰጥ ሕክምና) ባለሙያ ዘንድ መመላለስ ጀመርኩ፤ ይህ ጽሑፍ የእሳቸውን አገልግሎት የሚመለከት ነው። ብቻቸውን በግል የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ ስማቸውን አልጠቅስም። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና፣ ባወጣሁት ገንዘብ አልቆጭም። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ሂፕኖሲስ የማይችለውን ነገር ከመጀመሪያው የስልክ ንግግራችን ጀምሮ ሳይሸሽጉ ስለነገሩኝ ነው።

ከእሳቸው በፊት የደወልኩለት ሌላ ባለሙያ ነበር። ችግሬን ተናግሬ ሳልጨርስ "በአንድ ቀጠሮ ከሥሩ ነቅዬ አጠፋልሻለሁ" ካለኝ በኋላ፣ የአምስት ቀጠሮ ክፍያ በቅድሚያ እንዳስገባ ጠየቀኝ። እኚህ ሴት ግን ሃያ ደቂቃ በነፃ ሲያነጋግሩኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ሐኪም አይቶሻል ወይ?" የሚል ነበር። የልብ ምት መፍጠንና የእጅ መንቀጥቀጥ ከታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ ከደም ማነስ ወይም ከልብ ሕመም ሊመጣ ስለሚችል፣ የምርመራ ውጤት ሳልይዝ ቀጠሮ እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። ሳይኮሲስ ላለበት ሰው፣ ማለትም የሌለ ድምፅ ለሚሰማው ወይም እውነታው ለተዛባበት ሕመምተኛ፣ ሂፕኖቴራፒ እንደማይሰጥ አስረድተውም በእኔ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ እንደሆነ ጠየቁ።

የቤተሰብ ሐኪሜ ደሜንና ልቤን አስመርምረው ደህና መሆኔን ከነገሩኝ በኋላ፣ የብሪታንያ የጤና አገልግሎት የሚመራበት መመሪያ ለጭንቀት በቅድሚያ የሚያቀርበው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የተባለውን፣ አስተሳሰብንና ልማድን በንግግር የሚያስተካክል ሕክምና፣ ሥርዓት ያለው የሰውነት ማፍታታት ልምምድንና መድኃኒትን እንደሆነ ገለጹልኝ። ሂፕኖቴራፒ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በመመሪያዎቹ ውስጥ ስሙ የሚነሣው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በመድኃኒት አልሻል ላለ የአንጀት መታወክ ሕመም ነው። ሐኪሜ ለንግግር ሕክምናው እንድመዘገብ መከሩኝ፤ ተመዘገብኩም። ይህን ለባለሙያዋ ስነግራቸው ቅር አላላቸውም። "ወረፋሽን እንዳትለቂ፤ የእኔ ሥራ የዚያ ምትክ አይደለም" አሉኝ። ከራሱ ገቢ በፊት የሰውን ጤና የሚያስቀድም ባለሙያ በዚህ ይታወቃልና፣ ማንም ሰው ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ስለዚህ ነገር በስልክ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኝ ነበር። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ ስነግራት "ደግሞ ምን አፍዝ አደንግዝ ውስጥ ልትገቢ ነው?" ብላ ተቆጣች። የንስሐ አባቴም በእርጋታ አዳምጠውኝ፣ "ልጄ፣ ፈቃድሽን የሚነጥቅሽ ከሆነ አትሂጂ፤ ሕክምና ከሆነ ግን ጸሎትሽን ሳትተዪ ታከሚ" አሉኝ። ይህንኑ ጥያቄ ሳልሸፋፍን በመጀመሪያው ቀጠሮ ለባለሙያዋ አቀረብኩላቸው። ጥያቄውን እንደ ስድብ አልቆጠሩትም፤ በትዕግሥት ታሪኩን ያስረዱኝ ጀመር። ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የተባለው ሐኪም በፓሪስ ከሰውነት ወደ ሰውነት የሚያልፍ የማይታይ ኃይል አለ እያለ ሰዎችን ያክም እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1784 አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮይዚየር የነበሩበት የፈረንሳይ ንጉሥ ኮሚሽን መርምሮት ኃይሉ እንደሌለ፣ የሚታየው ለውጥ ከሰውየው ከራሱ ምናብ የሚመነጭ እንደሆነ እንደደመደመ ነገሩኝ። በ1843 ደግሞ በማንቸስተር የሚሠራው ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ጄምስ ብሬድ ነገሩን ከምትሃት ለይቶ፣ ትኩረት በአንድ ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ የሚመጣ የአእምሮ ሁኔታ አድርጎ ጻፈው። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበርም በ1955 ሂፕኖሲስ ለአንዳንድ ሕመሞች የሕክምና መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል በሪፖርቱ ተቀብሏል። እንግዲህ ሜስመር በሕመምተኛው ላይ አሳረፍኩት ያለው ኃይል የሕመምተኛው የራሱ ምናብ ከሆነ፣ የእናቴ ፍርሃት የሚመለከተው ሜስመርን እንጂ እኚህን ሴት እንዳልሆነ ገባኝ።

እኔ ይበልጥ የደነቀኝ ግን የእሳቸው የራሳቸው መንገድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆነው ሠርተዋል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሌሊት ተረኝነቱና የሠራተኛ እጥረቱ ተደራርቦባቸው ራሳቸው በጭንቀት ታመው ስድስት ወር ከሥራ ቀርተዋል። የትንፋሽና የሰመመን ልምምድን አስቀድመው የሚያውቁት በምጥ ላይ ካሉ እናቶች ነበር፤ ለራሳቸው የሞከሩት ግን ያኔ ነው። ከዚያም ትምህርቱን ተምረው፣ ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች ቁጥጥር ሥር ሠርተው፣ በፈቃደኝነት በሚመዘገቡበት የተጓዳኝ ሕክምና ባለሙያዎች ምክር ቤት መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ከአዋላጅነት ይዘውት የመጡትን ትልቁን ትምህርት ሲነግሩኝ፣ "ተረጋጊ የሚለው ቃል አንዲትንም እናት አረጋግቶ አያውቅም" አሉ። ምጥ የያዛትን ሴት "እግርሽ መሬቱን ሲነካ ይሰማሻል?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ አእምሮዋ ወደ እግሯ ሲወርድ ትከሻዋም አብሮ ይወርዳል። በስድስቱም ቀጠሮዎች ውስጥ "ተረጋጊ" የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጭንቀትን ለመለካት በሐኪሞችም ዘንድ የተለመደውን ባለ ሰባት ጥያቄ ቅጽ ያስሞላሉ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ሲሆን፣ 15 እና ከዚያ በላይ ከባድ ተብሎ ይቆጠራል። የእኔ 16 ነበር። ከዚያ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብዬ ከዓይኔ ከፍታ ትንሽ በላይ ባለች የግድግዳ ነጥብ ላይ ዓይኔን እተክላለሁ፤ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠርኩ እስባለሁ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል የልብ ምት ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ይህ ክፍል ለማንም ሰው በምክንያት የሚሠራ ነው። የዓይን ቆብ ሲከብድ ይዘጋል፤ ከግንባር፣ ከመንጋጋ፣ ከትከሻ እያሉ እየለዩ ያፍታታሉ። ራሴን ስቼ አላውቅም። የደጁን መኪና እሰማ ነበር፤ ብፈልግ ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። ቅዳሴ ላይ ዜማው ልብን ሲሰበስበው ሰዓቱ እንደማይታወቀው ያለ ስሜት ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ነገር አልሰመረም። ባለሙያዋ በተለመደው ጽሑፋቸው መሠረት የባሕር ዳርቻ፣ አሸዋና ማዕበል እንዳስብ መሩኝ። እኔ ደሴ ዙሪያ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ባሕር ያየሁት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ማዕበሉን ሳስብ የመጣብኝ የወንዙ ሥር ባቡር ነበር፤ ልቤ መምታት ጀመረ። ስነግራቸው ወዲያው አቆሙና ማስታወሻቸውን አውጥተው "ታዲያ አንቺ ደህና የነበርሽበት ቦታ የት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የአያቴን ቤት ነገርኳቸው፦ በምጣዱ ላይ የሚንጣጣውን ቡና፣ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ፣ አያቴ ሙቀጫዋን ስትወቅጥ በግድግዳው የሚሰማውን ድብ ድብ የሚል ድምፅ። ጀበና የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚጠራ ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት። በሁለተኛው ቀጠሮ "ጀበናው ሲገነፍል ይሰማሻል" ሲሉ፣ አጠራራቸው ቢንጋደድም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ቀጥሎ ያገኘነው ነገር ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል። ሰመመኑ በእንግሊዝኛ ሲካሄድ ትእዛዙ ገብቶኝም ወደ ውስጥ አይዘልቅም ነበር፤ ምክንያቱም ባቡሩ ውስጥ ጭንቀቱ "አለቀልሽ" ያለኝ በአማርኛ ነው። ይህን ስነግራቸው ከአስር ወደ አንድ የሚወርደውን ቁጥር በልቤ በአማርኛ እንድቆጥር፣ ለራሴ የምለውንም ዓረፍተ ነገር ራሴ እንድጽፈው አደረጉ። "ያልፋል፤ ሲያልፍ አይቼዋለሁ" የሚል ጻፍኩ። አውራ ጣቴንና አመልካች ጣቴን አጋጥሜ ይህን እያልኩ፣ በምናቤ ደረጃውን ወርጄ፣ ካርዴን አስነክቼ፣ በሩ ሲዘጋ ሰምቼ፣ ወንዙ ሥር ስደርስ ትንፋሼን እቆጥራለሁ። የቤት ሥራው ደግሞ በእውነት መሳፈር ነበር፦ በሦስተኛው ሳምንት ከብሪክስተን እስከ ስቶክዌል አንድ ፌርማታ፣ በቀጣዩ እስከ ቮክሶል ሁለት። ከአምስተኛው ቀጠሮ በኋላ በነበረው ሐሙስ እስከ ዋረን ስትሪት ደረስኩ። ፒምሊኮ ላይ መዳፌ ርሶ ነበር፤ ግን አልወረድኩም።

በመጨረሻው ቀጠሮ ቅጹን እንደገና ስሞላ ውጤቴ 6 ሆነ። ይህ ሁሉ ከሰመመኑ የመጣ ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ ፌርማታ በፌርማታ መሳፈሩ ብቻውን ብዙ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያዋም ይህንኑ ብለዋል። ሰው ሁሉ ለሰመመን እኩል እንደማይመችም አስቀድመው አስታውቀውኛል። የንግግር ሕክምናው ወረፋ ሲደርሰኝም አልተውኩትም፤ ተከታትዬዋለሁ።

ጉድለቶቹንም መናገር ይገባል። የመጀመሪያው ቀጠሮ 110 ፓውንድ፣ ቀሪዎቹ እያንዳንዳቸው 85 ፓውንድ ናቸው፤ በድምሩ 535 ፓውንድ ከፍያለሁ፤ ይህ ለብዙዎቻችን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ክፍሉ ከሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት ስለሌለው ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይመችም። በቤት እንድሰማ የተሰጠኝ የድምፅ ቅጂ መሀል ላይ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል፤ ባማርርም አልተቀየረልኝም። የቅዳሜ ቀጠሮ ለማግኘት ከሦስት ሳምንት በላይ ይጠበቃል።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የሂፕኖቲዝም ሕግ የሚመለከተው የመድረክ ትርኢትን እንጂ ሕክምናን አይደለም፤ "የሂፕኖቴራፒ ባለሙያ" የሚለውን ስም ማንም ሰው በበሩ ላይ ሊለጥፍ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው በየትኛው መዝገብ እንደተመዘገበ፣ የት እንደተማረና ከዚህ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር መጠየቅ ነውር አይደለም። የእኔዋ ባለሙያ ሳልጠይቃቸው መዝገቡን በኮምፒውተራቸው ከፍተው አሳይተውኛል።

ስድስተኛው ቀጠሮ ሲያበቃ ሰባተኛ መያዝ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ማስታወሻቸውን ዘግተው "ሦስት ወር ቆይተሽ ካስፈለገሽ ደውይ፤ አሁን ግን አያስፈልግሽም" አሉኝ። እስካሁን አልደወልኩም፤ ቅጂውን ግን የሥራ ሳምንት ሊጀምር ሲል እሑድ ማታ ማታ፣ ከነአውቶቡሱ ጥሩምባ፣ እሰማዋለሁ።