ትንሽ የካምፒንግ ግሪል ልትገዙ ነው? ስሞኪ ጆ፣ ጎ ኤኒዌር፣ ሎጅ ወይስ ኪው 1200

አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች ግሪል ሲባል ቶሎ የሚታየን ፓርክ ውስጥ ለሠላሳ ሰው የሚጠበስበት ትልቁ ነው። ካምፒንግ ግን ሌላ ነው። መኪናው ውስጥ ድንኳን አለ፣ ኩለር አለ፣ የልጆች ብርድ ልብስ አለ፣ ጀበናና ስኒ አለ። ለግሪሉ የሚተርፈው ቦታ የአንድ ትንሽ ሻንጣ ያህል ብቻ ነው።

“ካምፑ የራሱ እሳት ማንደጃና ፍርግርግ አለው፤ ለምን እሸከማለሁ?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ አለ። ግን ባለፈው ሳምንት ምን እንደተጠበሰበት ማን ያውቃል? የአሳማ ነገር ለሚጠነቀቅ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ይህ ብቻውን የራስን ግሪል ለመያዝ ይበቃል።

አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላወዳድር። ሁለቱ የዌበር የከሰል ግሪሎች ናቸው፣ ስሞኪ ጆ እና ጎ ኤኒዌር። ሦስተኛው ሎጅ የሚሠራው የጊዛ ብረት (ካስት አይረን) ስፖርትስማን ነው። አራተኛው የዌበር የጋዙ ኪው 1200። ኮልማን ሮድትሪፕ 285 የሚባለውን የጋዝ ግሪል ያልጨመርኩት ጠልቼው አይደለም። ሦስት በርነርና 285 ስኩዌር ኢንች መጥበሻ አለው፣ ለብዙ ሰው ጎበዝ ነው። ግን እግርና ጎማ ያለው ከባድ ዕቃ ስለሆነ “ትንሽ” ለማለት ይከብደኛል።

ከዋጋው በፊት ቦታው

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ስንት ነው?” ሳይሆን “የት ነው የምሄደው?” ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሪገን፣ ዋሽንግተን ስቴት የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። በጋው ሲደርቅ የእሳት ገደብ ይወጣል። ገደቡ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚከለከለው ማገዶና ከሰል ነው። ማብሪያና ማጥፊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ስለዚህ ዴንቨር ወይም ሲያትል ሆኖ የከሰል ግሪል ብቻ መግዛት ማለት ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት ወር ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ መግዛት ነው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለን ነገሩ ላላ ይላል። ሸናንዶዋ ለሚሄድ ሰው ከሰል ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ቢሆንም ከመነሳት በፊት የፓርኩን ገጽ ማየት አይከፋም፤ ደንቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል።

ስሞኪ ጆ፦ ለብዙ ሰው የሚበቃው

ክቡ ዌበር የተወለደው በ1952 ነው። ቺካጎ አካባቢ ዌበር ብራዘርስ የሚባል የብረታ ብረት ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን ለመርከቦች ምልክት እንዲሆን ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ክብ የብረት ዕቃ (በእንግሊዝኛ buoy) ለሁለት ከፍሎ ግሪል አደረገው። የቸገረው ነፋስ ነበር፤ መፍትሔው ክዳን ሆነ። ስሞኪ ጆ የዚያው ታናሽ ወንድም ነው። ስፋቱ 14 ኢንች ገደማ፣ መጥበሻው 147 ስኩዌር ኢንች፣ ክብደቱ ወደ 10 ፓውንድ። በአንድ እጅ ይነሳል። ከአራቱም ርካሹ እሱ ነው።

የአራት ሰው ሥጋ በአንድ ዙር ይወጣለታል። ስምንት ከሆናችሁ ሁለት ዙር ትጠብሳላችሁ፤ ካምፕ ላይ ደግሞ ማንም አይቸኩልም። ከ25 እስከ 30 ፍሬ ብሪኬት (ተጨምቆ የተሠራ ከሰል) ይበቃዋል። ክዳኑን ስትከድኑ ጎድኑ ውስጡ ድረስ ይበስላል፣ ስቡ ሲንጠባጠብም ነበልባሉ አይነሳም። ስትጨርሱ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ብትዘጉ ፍሙ አየር አጥቶ ይጠፋል፤ የተረፈው ከሰል ለነገ ይሆናል።

ጉድለቱ ቅርጹ ነው። ክብ ዕቃ መኪና ውስጥ ቦታ ያባክናል። ከሰል ለመጨመርም ሥጋውን በሙሉ ማንሳት ግድ ነው። እግሮቹ አጭር ስለሆኑ ሙቀቱ ከታች ያለውን ያገኘዋል፤ ፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት።

ጎ ኤኒዌር፦ ለትረንኩ የተሠራ

አራት ማዕዘን ነው። መጥበሻው 160 ስኩዌር ኢንች ነው፣ ከስሞኪ ጆ ብዙም አይበልጥም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። እግሮቹ ወደ ላይ ታጥፈው ክዳኑን ይቆልፉታል፤ ከኩለሩ ጎን ቀጥ ብሎ ይገባል። ወደ ጎን ረዘም ስለሚል ፍሙን ወደ አንድ ጫፍ ሰብስባችሁ ሌላውን ጫፍ ባዶ መተው ትችላላችሁ። የደረሰው ሥጋ ወደ ባዶው ይሸሻል፣ ጥሬው ፍሙ ላይ ይቆያል። በክቡ ላይ ይህን ማድረግ ይጠብባል።

ግን ጥልቀት የለውም። ፍሙ ለሥጋው ይቀርባል፤ ጮማ የበዛበት ጎድን ካስቀመጣችሁ ነበልባሉ ይነሳና ውጩ ሲጠቁር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ለቀይ ሥጋ፣ ለዶሮ ክንፍ፣ ለበቆሎ እሸት ግን ደስ ይላል። የጋዝ ዓይነትም አለው፤ ስትገዙ ካርቶኑን እዩ፣ ስማቸው አንድ ነው።

የሎጁ ስፖርትስማን፦ ቡና ለማይቀርበት ቤት

ሎጅ ከ1896 ጀምሮ ቴነሲ፣ ሳውዝ ፒትስበርግ ውስጥ የጊዛ ብረት ድስትና መጥበሻ የሚያመርት ድርጅት ነው። ስፖርትስማን የጃፓኖቹን ሂባቺ የመሰለ ትንሽ የብረት ምድጃ ነው። ክዳን የለውም። ወደ 30 ፓውንድ ይመዝናል። ከመኪናው ርቆ ድንኳን ለሚተክል ሰው አይሆንም፤ ወገብ ይጨርሳል።

ታዲያ ለምን አነሳሁት? በጀበናው ምክንያት። ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አገር ቤት ወደምናውቀው ከሰል ምድጃ የሚቀርበው ይህ ነው። ዝቅ ያለ ነው፣ ክፍት ነው፣ ፍሙ ፊት ለፊት ይታያል፤ በፊት በኩል ባለው መዝጊያ ከሰል ይጨመራል። ወፍራሙ ብረት ሙቀቱን ይይዘዋል፤ ጥብሱ አልቆም ለአቦልና ለቶና የሚበቃ ፍም ይቀራል። ቡናውም እዚያው ይቆላል። ዕጣን ለማጨስ ደግሞ አንድ ፍም በመቆንጠጫ ማንሳት ነው።

ዝናብና ነፋስ ግን ጠላቶቹ ናቸው። እርጥብ ከተቀመጠ ይዝጋል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ መቀመጥ አለበት። ፍም እያለውም ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱበት፤ ጊዛ ይሰነጠቃል።

ኪው 1200፦ ሳይጨነቁ ለመጥበስ

ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ የአሉሚኒየም አካል፣ ከላይ ኢናሜል የተቀባ የጊዛ ፍርግርግ፣ 189 ስኩዌር ኢንች፣ በሰዓት 8,500 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ)። ወደ 30 ፓውንድ ይጠጋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይግላል፣ ሲያበቃ ይጠፋል። አመድ የለም። ጠዋት ለልጆች እንቁላል መጥበስ ለሚፈልግ ወላጅ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ከፍርግርጉ ግማሹን አንስቶ በቦታው የሚገባ ዝርግ መጥበሻ ለብቻው ይሸጣል።

ጋዙስ ስንት ይቆያል? 16.4 አውንሷ አረንጓዴ የፕሮፔን ሲሊንደር ወደ 22,000 ቢቲዩ ትይዛለች። ሙሉ አቃጥላችሁ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ለቅዳሜና እሑድ ሁለት ያዙ፤ ሦስተኛ ደግሞ ለነፋሱ።

ብዙ ቤት ያለችውን የጠረጴዛ ቡታን ምድጃ ይዞ መሄድ የሚያስብ ሰው አለ። በበጋ ምንም አይደል። ኦክቶበር ላይ ተራራ ከወጣችሁ ግን ቡታን በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መትነን ያቆማል፤ ጠዋት ብትለኩሱት አይነሳም። ፕሮፔን እስከ -42 ድረስ ይሠራል።

ጣዕሙን እውነቱን ልናገር፤ የከሰሉን ያህል አይደለም። ሥጋውን በአዋዜና በጥብስ ቅጠል ቀድማችሁ ካሳደራችሁት ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ጀበናም ይቸገርበታል። ሙቀቱ ተበትኖ ስለሚመጣ ቡናው ለመፍላት ይዘገያል፤ ክዳኑም አይዘጋም።

አንድ ሐበሻዊ ጉዳይ ልጨምር። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21። ካምፒንግ በሚደምቅበት ወር መሃል ይወድቃል። ጿሚና ፈሰኪ አብረው ከሄዱ የኪው ፍርግርግ ለሁለት የሚከፈል መሆኑ ይጠቅማል። የከሰል ግሪል ካላችሁ ለጾሙ እንጉዳይና ድንች ሁለተኛ ፍርግርግ ያዙ፤ ዋጋው ቀላል ነው።

ምን ይነካል፣ ምን አይነካም

ግሪል ማሻሻል የሚወድ ሰው ከሰሉን ይግዛ። የጋዙን ሬጉሌተር፣ በርነርና ቫልቭ መነካካት ጨዋታ አይደለም። ኪው ላይ የሚፈቀደው ማሻሻያ ከትልቁ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ነው፤ ዌበር ራሱ ይሸጠዋል። እዚያ ላይ ያብቃ።

ስሞኪ ጆ ላይ ግን እጅ ማፍታታት ይቻላል። ከሁሉም በፊት የምመክረው የከሰል ቅርጫት ነው። ከወፍራም የብረት ወንፊት በፒንሳ አጥፋችሁ በቡሎንና በዳዶ ታስሩታላችሁ። ፍሙ አንድ ጎን ይሰበሰባል፣ ከሰሉም ይቆጥባል። ቅርጫት መሥራት የሰለቸው አንድ የእሳት ጡብ መሃል ላይ ያቁም። ጡቡ ሙቀት ስለሚይዝ ላቀች ምድጃ ውስጥ ያለው ሸክላ የሚሠራውን ሥራ በትንሹ ይሠራል።

ክዳኑ ላይ ቴርሞሜትር መግጠምም ይወደዳል። ሲበሳ ኢናሜሉ እንዳይሰነጠቅ ቦታው ላይ ቴፕ ለጥፋችሁ ድሪሉን በዝግታ አሽከርክሩ። ጠርዙ ከተላጠ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል፤ ሙቀት የሚችል ቀለም ቀቡት። ቴርሞሜትሩ የሚነግራችሁ የአየሩን ሙቀት ነው። የሥጋውን ለማወቅ የሚወጋው ዓይነት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለዶሮ 165 ፋራናይት፣ ለተፈጨ ሥጋ 160፣ ላልተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ 145 እና የሦስት ደቂቃ ዕረፍት ይላል። ለቁርጥ ወዳጆች ይህ የሚያስቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ኩለር ውስጥ ያደረ ሥጋ ግን የሉካንዳ ሥጋ አይደለም።

ለጀበና የሚሆነው ማሻሻያ ደግሞ ቀላል ነው። የላይኛውን ፍርግርግ አንሱና ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቀለበት ፍሙ መሃል አስቀምጡ፤ ጀበናው እንደ ማቶት ይቀመጥበታል። ጀበናውን በአንዴ የጋመ ፍም ላይ አታውሉት። መጀመሪያ ዳር ላይ ይሙቅ፣ ሸክላ ነውና ሊሰነጠቅ ይችላል።

ትልቁ የስሞኪ ጆ ማሻሻያ አሜሪካኖቹ የሚወዱት ነው። 32 ኳርት የሚይዝ የአሉሚኒየም ታማሌ ድስት ታቹ ተቆርጦ ግሪሉ ላይ ይሰካል፣ የግሪሉ ክዳን ከላይ ይገባል፣ ውስጡ ፍርግርግ ይደረደራል፤ ሥጋ በጭስ ለሰዓታት የሚያበስል ማጨሻ ይሆናል። የበግ ታፋ ይሠራል፣ ያምራል። ለካምፒንግ ግን አልመክረውም። ትንሽነቱን ፈልገን ገዝተን መልሰን ማስረዘም ምን ይሉታል? ለጓሮ ይሁን።

በምንም ዓይነት ሥራ ላይ ዚንክ የተነከረ ቆርቆሮ፣ ሽቦም ሆነ ሮንዴላ አትጠቀሙ። ሲግል የሚወጣው ጭስ ይመርዛል።

ድንኳን ውስጥስ? አይገባም፤ ጋዙም፣ ከሰሉም። ዝናብ ቢመጣ፣ ቢበርድ፣ ፍሙ የጠፋ ቢመስል አይገባም። አመድ የሸፈነው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ሸናንዶዋን የመሳሰሉ ድብ ያለባቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ የስብ ሽታ ያለው ግሪል ውጭ አያድርም፤ ተጠርጎ፣ ቀዝቅዞ መኪና ውስጥ ይገባል።

እኔ ብሆን

ምሥራቅ ጠረፍ የምኖር አዲስ ካምፐር ብሆን ስሞኪ ጆ ገዝቼ ቅርጫቱን እሠራለታለሁ። ትረንኬ ጠባብ ከሆነ ጎ ኤኒዌር። ምዕራብ ብኖር ወይም ትንንሽ ልጆች ቢኖሩኝ ያለ ማመንታት ኪው 1200። ሎጁን የምገዛው መኪናው ሳይቱ አጠገብ የሚቆም ከሆነና ቡናው የጉዞው ግማሽ ከሆነ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የከሰሉን ታች እዩ፤ ዝገቱ በጣት ሲገፋ የሚሰበር ከሆነ ተዉት። በጋዙ ላይ ከመክፈላችሁ በፊት ሲሊንደር አስገጥሙና የሳሙና ውኃ መጋጠሚያው ላይ ቀቡ። አረፋ ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢቀንስ አትውሰዱት።