ሙክ1፣ ሙክ2፣ ሙክ5ኤሲ፣ ሙክ6 ወይስ ሙክ4? ለፓቶሎጂ ላብራቶሪ የሙሲን አንቲቦዲ ሲገዛ

ሙሲን የሙከስ ፕሮቲን ነው፤ ሙክ1፣ ሙክ2 እያልን የምንጠራቸው ዓይነቶቹን ነው። አንቲቦዲው ስላይድ ላይ ፕሮቲኑን ይዞ በቀለም ያሳያል። የሙሲን አንቲቦዲ ውድ ነው፤ ጊዜውም ያልፍበታል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ወደ ላብራቶሪያችሁ የሚመጣው ናሙና በብዛት ምን እንደሆነ እዩ። የጨጓራና የቆሽት ናሙና ለሚበዛበትና የጡንቻና የለስላሳ ቲሹ እጢ ለሚበዛበት ላብራቶሪ ምርጫው አንድ አይደለም።

ሙክ1ን አብዛኛው ላብራቶሪ በሌላ ስም ይዞታል። ኢኤምኤ ተብሎ የሚሸጠው አንቲቦዲ፣ ለምሳሌ ኢ29 የሚባለው ክሎን (የአንቲቦዲው ዝርያ)፣ የሚይዘው ይህንኑ ፕሮቲን ነው። ክሎኖቹ የሚያነቡት የፕሮቲኑን የተለያየ ክፍል ስለሆነ ውጤታቸው ሁሌ አይገጥምም። ቢሆንም ኢኤምኤ ካላችሁ ሙክ1ን ለመግዛት አትቸኩሉ። ብዙ ዓይነት እጢ ላይ ቀለም ስለሚሰጥ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ማይክሮፓፒላሪ በሚባለው የጡት ካንሰር ዓይነት ግን ኢኤምኤው ራሱ ጥሩ ይሠራል። በጤነኛ የጡት እጢ (ግላንድ) ቀለሙ ወደ መሃሉ ቀዳዳ በሚያየው ጠርዝ ላይ ያርፋል። በዚህ ካንሰር ግን ተገልብጦ የህዋሶቹን ጉብታ በውጭ በኩል ይከበዋል።

ዋናው ፉክክር በሙክ2 እና በሙክ5ኤሲ መካከል ነው። ሙክ2 ሙከስ የሚያመነጨው የአንጀት ጎብሌት ህዋስ ሙሲን ነው። ሙክ5ኤሲ ደግሞ የጨጓራን ገጽ የሚሸፍነው ሙከስ ውስጥ ያለው ነው። ጤነኛ የቆሽት ቱቦ ላይ ሙክ5ኤሲ አይታይም። በቱቦው ውስጥ የሚያድገው አይፒኤምኤን የተባለው እጢ ላይ ግን በሁሉም ዓይነቶቹ በብዛት ይታያል። ከዚያ በኋላ ዓይነቱን ለመለየት ሙክ2 እና ሙክ1 ይረዳሉ፦ ሙክ2 ካለ የአንጀት ዓይነት፣ ሙክ1 ካለ የቆሽትና የሐሞት ቱቦ ዓይነት፣ ሁለቱም ከሌሉ የጨጓራ ዓይነት። ልዩነቱ ለታካሚው ትርጉም አለው። ከአንጀት ዓይነቱ የሚነሳው፣ ሙከስ የሞላበት ኮሎይድ ካንሰር ቱቡላር ከሚባለው የካንሰር ዓይነት የተሻለ ተስፋ አለው።

የኢንዶስኮፒ መርፌ ናሙና ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። መርፌው በጨጓራ ግድግዳ ካለፈ የጨጓራ ህዋስ ይዞ ይመጣል፤ እሱም በሙክ5ኤሲ ቀለም ይይዛል። በዱኦዲነም (በትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ካለፈ ደግሞ ጎብሌት ህዋሱ በሙክ2 ቀለም ይይዛል። ባሬት ኢሶፈገስን (የጉሮሮ ቱቦ ሽፋን አንጀት የሚመስልበትን ለውጥ) ለማወቅ ብቻ ብላችሁ ሙክ2 አትግዙ። ጎብሌት ህዋሱ በተለመደው ኤች ኤንድ ኢ ቀለም ይታያል።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዙ ብባል፣ የቆሽት ናሙና ላለው ሙክ5ኤሲን አስቀድማለሁ።

ሙክ6 የጨጓራ ጥልቅ እጢዎችና (ግላንዶችና) በዱኦዲነም ያሉት የብሩነር እጢዎች ምልክት ነው። ፓይሎሪክ ግላንድ አዴኖማ የሚባለውን እጢ ለመለየት ይረዳል። ከዚያ ውጭ ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ሳያልቅ ጊዜው ያልፍበታል።

ሙክ4 መንገዱ ሌላ ነው። 8ጂ7 የሚባለው ክሎን ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሎው ግሬድ ፋይብሮሚክሶይድ ሳርኮማ ለሚባለው የለስላሳ ቲሹ ካንሰር ተመራጭ ሆኗል። ይህ እጢ ሲያዩት የዋህ ይመስላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሳንባ ላይ ይገኛል። ኢኤምኤ ፔሪኒዩሪዮማ ከሚባለው የነርቭ ሽፋን እጢ አይለየውም፤ ሁለቱም ቀለም ሊይዙ ይችላሉና። ሙክ4 ይለየዋል። የለስላሳ ቲሹ እጢ በብዛት የምታዩ ከሆነ ከሙክ6 ቀድሞ ይገዛ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ተዘጋጅቶ የሚመጣ 7 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ ለአንድ ስላይድ 100 ማይክሮ ሊትር ቢወስድ፣ ቢበዛ ለ70 ስላይድ ይበቃል። ግማሽ ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬት (ያልተበጠበጠ አንቲቦዲ) በ1፡100 ሲበጠበጥ 50 ሚሊ ሊትር ይወጣዋል፤ ይህ ወደ 500 ስላይድ ነው። ኮንሰንትሬቱ ርካሽ ይመስላል። ግን ትክክለኛውን መጠን ለማግኘት የሚባክነውን ስላይድና የቴክኒሻኑን ሰዓት ጨምሩበት። በወር ጥቂት ኬዝ ብቻ ካላችሁ የተዘጋጀው ይሻላል።

ለኮንትሮል (ቀለሙ መሥራቱን ለማረጋገጥ) ጨጓራና ዱኦዲነም የሚገናኙበትን ቦታ በአንድ ብሎክ አስቀምጡ። ላይኛው ገጽ በሙክ5ኤሲ፣ ጥልቁ እጢ በሙክ6፣ የዱኦዲነሙ ጎብሌት ህዋስ በሙክ2 ቀለም ይይዛሉ። ሙክ2ን ስታዩ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ከኒውክለሱ አጠገብ ነው የሚጎላው፤ የሙከስ ከረጢቱ ደብዛዛ ቢሆን አትደንግጡ። ከመክፈላችሁ በፊት መለያው ላይ ለምርመራ ወይስ ለጥናት ብቻ የሚል መሆኑን አንብቡ። ሻጩም ዕቃው ከአየር ማረፊያ እስከ እናንተ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሆኖ እንደሚደርስ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።