እኩል ክፍፍል ወይስ በዳኛ ሚዛን?

በአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ በጋብቻ ዘመናቸው ያፈሩት ንብረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው፣ በመርሕ ደረጃ እኩል ለሁለት ይከፈላል። በኒውዮርክ ግን ዳኛው የጋብቻውን ዕድሜ፣ የተጋቢዎቹን ጤናና ገቢ፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ ሆኖ ልጆች ያሳደገውን ወገን ድካም መዝኖ ፍትሐዊ የሚለውን ድርሻ ይወስናል፤ ድርሻውም የግድ ግማሽ ለግማሽ አይሆንም። ይህ መንገድ ሥራዋን ትታ ለዓመታት ቤተሰብ ለተንከባከበች ሚስት ሊበጅ ይችላል፤ ሆኖም ለረጅም ክርክር የጠበቃ ወጪ ለማይችል ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ቁርጡ የታወቀው እኩል ክፍፍል ይሻላል።

እርግጥ እኩል ክፍፍልም ከሙግት አያድንም። አንደኛው ወገን ከጋብቻ በፊት በባንክ ብድር የገዛው ቤት የግሉ ቢሆንም፣ ዋናው ዕዳ በጋብቻ ወቅት ከደመወዝ ሲከፈል ከቆየ፣ በካሊፎርኒያ የባልና ሚስቱ የጋራ ሀብት በቤቱ ላይ ተመጣጣኝ ድርሻ ይኖረዋል፤ ስለዚህ የባንክ ደረሰኞቹን ጠብቆ ማቆየት ይጠቅማል።