ከርካሽ የአየር ጠመንጃ ወደ ተሻለው፦ የ11 ወራት ልምድ ከደብረ ማርቆስ

ከመስከረም 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ቫይራውክ ኤችደብልዩ 30 ኤስ የተባለውን የጀርመን የአየር ጠመንጃ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ግቢዬ ውስጥ ለዒላማ ስፖርት ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። አሁን የሐምሌ ወር መጨረሻ ነው፤ በደብተሬ ላይ እንደመዘገብኩት በእነዚህ 11 ወራት 6,200 ያህል ጥይት ተኩሼበታለሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝኩት በርካሽ የገዛኋትን፣ ስሟን እዚህ መጥቀስ የማያስፈልገኝን የአየር ጠመንጃ ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ርካሽ ጠመንጃ ይዞ ለጀመረና አቅሙን ሳይጎዳ ወደ ተሻለ መሸጋገር ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ምክንያቱም ምርጫው እኔን አንድ ክረምት ሙሉ አስጨንቆኛል፣ ልሳሳትም ጥቂት ነበር የቀረኝ።

አሮጌዋ ጠመንጃ ለጀማሪ የምትናቅ አልነበረችም። አፈሙዟ ከመገጣጠሚያው ወደ ታች ሲታጠፍ ሞላዋ ይጨመቃል፤ ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስቶኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ፒስቶኑ ያመቀው አየር ደግሞ 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን የእርሳስ ጥይት ገፍቶ ያወጣታል። አሠራሯ ከዚህ አያልፍም። ችግሯ ግን አንዱ ተኩስ ከሌላው ጋር አለመመሳሰሉ ነበር። የመገጣጠሚያዋ ብሎን በየ50 ተኩሱ ስለሚላላ ካቻቢቴ ከኪሴ አይለይም ነበር፤ የኋላ ማነጣጠሪያዋ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ወደ ጎን ይሄዳል፤ ምላጯ አሸዋ የገባበት ማጠፊያ ይመስል እየተንገራገጨ ይመጣና መቼ እንደሚለቅ ሳይታወቅ ድንገት ይለቃል። በ10 ሜትር ርቀት ላይ አምስት ጥይት ስተኩስ የሲኒ አፍ በሚያህል ቦታ ላይ ይበተናል። ያስመረረኝ መበተኑ ራሱ አልነበረም። ያስመረረኝ አንድ ጥይት ወደ ግራ በወጣ ቁጥር ጥፋቱ የእኔ ትንፋሽ ይሁን የእሷ ብሎን መለየት አለመቻሌ ነበር። ሁለት ዓመት ተለማምጄ መሻሻል አለመሻሻሌን እንኳ አላውቅም ነበር።

ለመለወጥ ስነሳ በመጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ፍጥነት ነው። ሻጮች በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚያስጽፉት ጥይቷ በሴኮንድ ስንት ሜትር እንደምትሄድ ነውና፣ እኔም ቁጥሩ የበለጠውን የተሻለ አድርጌ ማየት ጀምሬ ነበር። ሙያዬ የፊዚክስ ማስተማር ስለሆነ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ያለው ትልቅ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ክብደቱ በጣም ቀላል በሆነ ጥይት ሲለካ ነው፤ ደግሞም ወደ ድምፅ ፍጥነት የተጠጋች ጥይት በአየር ላይ ትንገዳገዳለች እንጂ ቀጥ ብላ አትሄድም። ኃይለኛ ሞላ ያለው ጠመንጃ ሲያቀባብሉት ክንድ ያደክማል፣ ሲተኮስም ይዘልላል፤ ለ10 ሜትር ዒላማ ደግሞ ያ ሁሉ ኃይል አያስፈልግም። 0.53 ግራም የምትመዝን ጥይት በሴኮንድ 168 ሜትር ስትወጣ ጉልበቷ 7.5 ጁል ያህል ነው፤ ይህም ወረቀት ለመብሳት ከበቂ በላይ ነው። የጀርመን ሕግ ለአዋቂ ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሸጥ የሚፈቅደው የአየር ጠመንጃም ከዚሁ 7.5 ጁል ያልበለጠውን ሲሆን፣ የእኔው ጠመንጃ ላይ በአምስት ማዕዘን ውስጥ የተቀረጸው የኤፍ ፊደል የሚያመለክተው ይህንኑ ነው።

ከሞላ ሌላ ያሉትን አማራጮችም አይቻለሁ። አየር አስቀድሞ ተሞልቶ የሚቀመጥበት ዓይነት ምንም ስለማይዘልል ለዒላማ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ዛሬ በኦሊምፒክ የሚታዩት የ10 ሜትር ጠመንጃዎች ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው። ነገር ግን እስከ 200 ባር ድረስ የሚሞላ የእጅ ፓምፕ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ ፓምፑ ሲበላሽም ጠመንጃው ዱላ ሆኖ ይቀመጣል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው ደግሞ 12 ግራም ጋዝ የያዙ ትንንሽ ጠርሙሶች ይፈልጋል፤ እነዚያን ከአዲስ አበባ የዓባይን በረሃ አሻግሮ በየወሩ ማስመጣት ለእኔ የሚሆን ነገር አልነበረም። ሞላ ግን ከክንድ በስተቀር ምንም አይጠይቅም። ስለዚህ ያው የአሮጌዋ ዓይነት አሠራር ያለውን፣ ኃይሉም ከእሷ ብዙም የማይበልጠውን፣ ነገር ግን በጥንቃቄ የተሠራውን መረጥሁ። በውጭ አገር በሚኖር ዘመዴ በኩል፣ ፈቃዱን አስቀድሜ ጨርሼ አስመጣሁት፤ ዋጋው የአሮጌዋን አራት እጥፍ ሆነ። ያየው ሁሉ «ጉልበቱ ካልበለጠ ለምን ገዛኸው?» ብሎ ጠይቆኛል።

መልሱ ምላጩ ነው። ሬኮርድ የሚባለው ይህ ምላጭ በሁለት ደረጃ የሚሳብ ነው፤ በመጀመሪያ ጣት ሲያርፍበት ያለ ተቃውሞ ጥቂት ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል። ጣት እዚያ ላይ ያርፋል፤ ዓይን ማነጣጠሪያውን ያስተካክላል፤ ትንፋሽ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ጭነት ብቻ ሲጨመርበት ብርጭቆ ሲሰበር እንደሚሆነው ጥርት ብሎ ባንዴ ይለቃል። ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጭነትም በአንዲት ብሎን ይስተካከላል። በመጀመሪያው ሳምንት ለውጡ ይህን ያህል መሆኑን አላመንሁም ነበር። በከረጢት ላይ አስደግፌ ከ10 ሜትር የተኮስኳቸው አምስት ጥይቶች በአውራ ጣት ጥፍር የሚሸፈን አንድ ቀዳዳ ሠሩ። ቆሜ ስተኩስ ግን ተበተኑ፤ የተበተኑትም ሁልጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ታች ነበር። ያን ጊዜ ነው ምላጩን ስስብ መዳፌን አብሬ እንደምጨብጥ ያወቅሁት። ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ስህተት በአንድ ሳምንት ውስጥ ተገለጠ፤ እሱን ለማረም ግን እስከ ኅዳር ድረስ ፈጀብኝ።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። የሞላ ጠመንጃ እንደ ባሩድ ጠመንጃ ወደ ኋላ ብቻ አይገፋም፤ ፒስቶኑ ሲነሳ ወደ ኋላ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ፊት ይመታል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥይቷ ገና ከአፈሙዙ ሳትወጣ ነው። በመሆኑም አጥብቆ የያዘው ሰው በየተኩሱ አቅጣጫውን ይቀይረዋል። ይህን ለራሴ ለማስረዳት ብዙ ቀን ደክሜያለሁ። በወጣትነታቸው ዲሞትፈር የሚባለውን የድሮ ጠመንጃ ይይዙ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ አንድ እሑድ ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ጠመንጃ እንደ ጥጃ አይታነቅም፤ እጅህ ላይ ይተኛ» አሉኝ። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ያሳዩኝ» ብዬ ሰጠኋቸው። ግራ መዳፋቸውን ዘርግተው ሰደፉን አስተኙበት፣ ጣቶቻቸውን አልጨበጡም፣ ትንፋሻቸውን ግማሽ ድረስ አውጥተው ያዙ። ሦስቱም ጥይቶች ጥቁሩን ክብ አገኙት። መመሪያ መጽሐፍ በብዙ ገጽ የሚለውን እሳቸው በአንድ ቃል ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ የምይዘው እንደዚያው ነው።

ጥይትን በተመለከተ የከተማችን ከፍታ የሚያመጣው ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ምክንያት ፒስቶኑ የሚያምቀው አየር ያንሳል፤ ፍጥነቱም በፋብሪካው ወረቀት ላይ ከሚነበበው ዝቅ ይላል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ፒስቶኑን መጨረሻ ላይ የሚያለዝበው የአየር ትራስ መሳሳቱ ነው። ጥይት ሳያጎርሱ መተኮስ የትም ቢሆን የሞላ ጠመንጃን ይጎዳል፤ እዚህ ደግሞ ይብሳል፤ በጣም ቀላል የሆኑ ጥይቶችንም ያስወገድሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ወረቀቱን ክብ አድርጎ የሚበሳውንና ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነውን 0.53 ግራም ጥይት እጠቀማለሁ። በቆርቆሮ ከሚሸጡ አራት ዓይነት ጥይቶች እየሞከርሁ የመረጥሁት ሲሆን፣ በጥሩውና በመጥፎው መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ጠመንጃዎች መካከል ያለውን ያህል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በአሥራ አንዱ ወር ውስጥ የከሠርሁበት ነገር ማነጣጠሪያ መነጽር ነው። ጥር ላይ ከአንድ ነጋዴ ለባሩድ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር ገዛሁ፤ ነጋዴው ለየትኛውም ጠመንጃ ይሆናል ብሎ ነበር የሸጠልኝ። 300 ያህል ጥይት ከተኮስሁ በኋላ በውስጡ ያለው የመስቀል ምልክት ዘመም ብሎ አገኘሁት፤ ሳነሣው ውስጡ ይንኳኳል። ምክንያቱ ከላይ የጠቀስሁት ወደ ፊት የሚመታው ኃይል ነው፤ ለባሩድ ጠመንጃ የሚሠራው መነጽር የሚጠናከረው ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ነውና። በዚያ ላይ ትኩረቱ ለ100 ሜትር የተስተካከለ ስለነበር በ10 ሜትር ዒላማው ይደበዝዝብኝ ነበር። ነጋዴው ገንዘቤን አልመለሰልኝም። መነጽር የሚፈልግ ሰው ለሞላ የአየር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራውን ይግዛ፤ እኔ ግን አብሮት ወደ መጣው ማነጣጠሪያ ተመልሻለሁ። የፊተኛው ቀለበት ውስጥ የሚቀያየሩ ምልክቶች አሉት፤ የኋለኛው ደግሞ ቀስ በቀስ እየተቆጠረ ስለሚዞር አንዴ ከተስተካከለ ወራት ሙሉ አይነቃነቅም።

የጎጃም ክረምት ለብረት ርኅራኄ የለውም። በሰኔ ሁለተኛው ሳምንት፣ በጨርቅ ማኅደር ውስጥ ሦስት ቀን ትቼው ሳወጣ አፈሙዙ ላይ የበርበሬ ቅንጣት የሚያህሉ የዝገት ነጠብጣቦች አየሁ፤ ጨርቁ እርጥበቱን ይዞ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ማኅደሩን ለመንገድ ብቻ እጠቀማለሁ፤ ቤት ውስጥ አየር በሚያገኝበት፣ ነገር ግን በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ አቆመዋለሁ፤ ከተኮስሁ በኋላም ውጫዊ ብረቱን ሁሉ በጥቂት የስፌት መኪና ዘይት እወለውላለሁ። ዘይቱ ግን ወደ ፒስቶኑ ቤት ከገባ ሲታመቅ ይቀጣጠላል፤ ጢስ ይወጣል፣ ድምፁ ይጎላል፣ በፒስቶኑ ጫፍ ላይ ያለው አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎሚኒም ይቃጠላል። ሰደፉ የእንጨት ስለሆነ በዝናብ ወቅት ብሎኖቹ ጥቂት ይላላሉ፤ በወር አንድ ጊዜ ማጥበቅ በቂ ነው። በየ50 ጥይቱ ከነበረው ጋር ሳስተያየው ይህ ለእኔ እንደ ዕረፍት ነው።

ለጥንቃቄ ያህል፦ ማንም ሰው ማናቸውንም ጠመንጃ ከማዘዙ በፊት ፈቃዱን በአካባቢው ከሚመለከተው አካል ይጠይቅ። ዒላማዬ የተሰቀለው በአሸዋ ከተሞሉ ሁለት ጆንያዎች ፊት ነው፤ ጠንካራ እንጨትና ድንጋይ ጥይት ይመልሳሉ። ጥይት ሲያጎርሱ አፈሙዙን በሌላው እጅ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ምላጩ በድንገት ቢለቅ አፈሙዙ ተመልሶ ጣት ይቆርጣልና። ይህ ጠመንጃ ሲቀባበል ምላጩ እንዳይሳብ የሚይዘው መጠበቂያ በራሱ ይቆለፋል፤ አንዴ ከተለቀቀ ግን እንደገና ሳያቀባብሉ አይመለስም። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ጥይት አፍ ውስጥ አይያዝም፤ እጅ ሳይታጠቡም ምግብ አይነካም።

የጠመንጃው ክብደት 2.5 ኪሎ ያህል መሆኑ ለረጅም ልምምድ ተስማምቶኛል፤ የ14 ዓመት ልጄም በእኔ አጠገብ ሆኖ ያለ ችግር ያቀባብለዋል። ከ25 ሜትር በላይ መተኮስ የሚፈልግ ሰው ግን ይህን አይግዛ፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ጥይቷን ይወስዳታል፤ ከሰዓት በኋላ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሲነሳ እኔ በ10 ሜትርም ቢሆን አቆማለሁ። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የ10 ሜትር ዒላማ መሃል ላይ ያለችው የአሥር ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ቆሜ ከተኮስኳቸው 20 ጥይቶች ሦስቱ ነክተዋታል፤ የቀሩትን አሥራ ሰባቱን በደብተሬ ላይ ከነምክንያታቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ አሥራ ስድስቱ የእኔ ናቸው፣ አንዱ የነፋስ።