የእናታችንን ጓዝ በክብር ለሸከፉልን ሰው፣ ምስጋና እና ጥቆማ

እናታችን ጉለሌ ውስጥ 46 ዓመት የኖረችበትን ግቢ ለቅቃ ጀሞ ወደሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ስትገባ፣ ዕቃውን ለይተው፣ ሸጠው እና አጓጉዘው ቤቱን ባዶ አድርገው ላስረከቡን ሰው በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። ስማቸውን ያልጻፍኩት ራሳቸው ስላልወደዱ ነው፤ ስልካቸውን ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ሥራቸውን የጀመሩት ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ «ቆራሌው!» በማለት ሲሆን፣ ዛሬ ምናለሽ ተራ የራሳቸው ደንበኞች አሏቸው። ከእሳቸው በፊት ያነጋገርነው ነጋዴ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አይቶ ለሁሉም በጅምላ ዋጋ ሲጠራ፣ እናታችን መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ነበር። እኚህ ሰው ግን ስለ ዋጋ ከማንሳታቸው በፊት በርጩማ ስበው አጠገቧ ተቀመጡና «እማማ፣ መጀመሪያ የማይሸጠውን ያሳዩኝ» አሏት። የማይሸጠው ከተለየ በኋላ የቀረው ኮተት በሦስት ቀን አለቀ።

ከሁሉም ያስቸገረን የጠላ ጋኑ ነበር። አዲሱ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም፣ ገዢም አልተገኘለትም፤ እናታችን ደግሞ የአራት ልጆቿን ሠርግ የደገሰችበትን ጋን ደጅ ጥላ እንደማትሄድ ቁርጡን ነግራናለች። ሰውየው ጋኑን በጥፍራቸው ቆርቆር አድርገው ድምፁን አዳመጡ፤ አለመሰንጠቁን ሲያረጋግጡም «ሰንበቴ አለዎት?» ብለው ጠየቋት። በማግስቱ ጋኑ በጆንያና በገለባ ተጠቅልሎ ወደ አጥቢያዋ ሰንበቴ ቤት ሄደ። ሙቀጫዋን ከነዘነዘናው ግን ይዛ መጥታለች፤ ከሥር ያለው ጎረቤት ምን እንደሚል ወደፊት የምናየው ይሆናል።

ሌላው በኪሎ መዝኖ የሚጭነውን የአባታችንን የወረቀት ክምርም፣ እሳቸው የአዲስ ዘመን ጋዜጣውን ጥቅል አንድ በአንድ እየፈቱ አራገፉት። ጠፍተው የቤቱን ስም ዝውውር ያጓተቱብን የግብር ደረሰኞች የተገኙት ከዚያ ውስጥ ነው። ቡፌውን በተመለከተ ደግሞ ጀሞ ድረስ ሄደው የደረጃውን መታጠፊያ በሲባጎ ለክተው እንደማያልፍ አስቀድመው ባይነግሩን ኖሮ፣ አይሱዙው ላይ ጭነነው መመለሳችን አይቀርም ነበር።

እንከን አልነበረም ለማለት አልችልም። ሁለት ጊዜ ከቀጠሮ ሰዓት አርፍደዋል፤ የቁም ሳጥኑ መስታወትም ሲወጣ ተሰንጥቋል፤ ግምቱን ግን እኛ ሳንጠይቅ ከሒሳባቸው ቀንሰውታል። ክፍያቸው ከሽያጩ 15 በመቶ ሲሆን፣ የተሸጠውን ሁሉ ከነዋጋው በካሬ ደብተር ጽፈው ለእናታችን አስረክበዋታል።

የምትፈልጓቸው ከሆነ ከሁለት ሳምንት በፊት ደውሉላቸው፤ ወላጆቻችሁ ቤት በሚውሉበት ቀንም ቅጠሯቸው፤ ባለቤቱ በሌለበት ዕቃ አይነኩም።